የወሰዱትን በሥርዓት መመለስ፦ የኤድስኸር ዳይክስትራ ሕይወትና ሥራ

በመሐል ሜዳ አካባቢ የተወለደ ሰው የጓሳን ነገር ሳይሰማ አያድግም። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የወል መሬት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ሲከድን፣ ገመዱንም ሲገምድ የኖረው በዚህ ሣር ነው። ሣሩ ለብዙ ትውልድ ይጠበቅ የነበረው በየሰዉ ይሉኝታ አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ ወገን የተመረጡ አለቆች ለዓመታት ይዘጉታል፤ ባገገመም ጊዜ ቀን ቈርጠው ይከፍቱታል፤ ሕዝቡ ድርሻውን ካጨደ በኋላም እንደ ገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ የቀድሞ ሥርዓት ፈረሰ። አጫጁ ያው ነበር፤ ሣሩም ያው ነበር፤ የጠፋው መውሰድንና መተውን አንድ ላይ አስሮ የያዘው ደንብ ነው። ሣሩ ሳሳ። ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ የጥበቃ ሥርዓት እንደ ገና እስኪያቆም ድረስም ጉዳቱ ቀጠለ።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በኦፕሬቲንግ ሲስተም ከርነል ውስጥ ስለሚደርሱ የማኅደረ ትውስታ አሰጣጥና አመላለስ ስሕተቶች የሚያወሳ፣ ነገር ግን በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህ የአገሬ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየውንም ለመምረጥ አልተቸገርሁም፤ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። ምርጫዬ አንዳንድ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አልቀረም። ዳይክስትራ ዛሬ በምንገለገልበት በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ እንዲያውም ከርነሉ የወሰደውን ለመመለስ ዘወትር የሚጠቀምበትን ጎቱ የተባለውን ትእዛዝ በአደባባይ ያወገዘ ሰው ነው። የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው።

ወደ ሕይወቱ ከመግባቴ በፊት የነገሩን ክብደት ላስረዳ። አንድ ተራ ፕሮግራም የወሰደውን ማኅደረ ትውስታ ሳይመልስ ቢቀር፣ ፕሮግራሙ ባበቃ ጊዜ ከርነሉ ሁሉን ይሰበስብለታል። ከርነሉ ራሱ በረሳ ጊዜ ግን ከበላዩ ሆኖ የሚሰበስብለት የለም፤ የተረሳው ቦታ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ እንደ ጠፋ ይቀራል። ከመርሳት የሚብሰው ሁለት ጊዜ መመለስ፣ ወይም ከመለሱ በኋላ መጠቀም ነው። ያ ቦታ በመካከሉ ለሌላ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል አንዱ የሌላውን ቤት ያፈርሳል፤ ለሰርጎ ገቦችም በር የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳገለግል ሳምንት በመጣ ቍጥር ቅዳሜ ማታ ጠፍቶ የሚነሣ ሰርቨር ነበር። ሁላችንም መሣሪያው አርጅቶ ነው ብለን ተቀብለነው ኖረን ነበር። ኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የተገኘው በአንድ ድራይቨር ውስጥ ነው። ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ሦስት ነገሮችን በተራ ይወስዳል፤ ሦስተኛው ሲከለከልበት ስሕተት መድረሱን ተናግሮ ይመለሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን አይመልስም። ሦስተኛው የሚከለከለው አልፎ አልፎ በመሆኑ በሙከራ ጊዜ ማንም አላየውም።

ኤድስኸር ዊቤ ዳይክስትራ በሆላንድ የወደብ ከተማ በሮተርዳም ግንቦት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ተወለደ፤ በእኛ አገር የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አርባ በሚወጣበት ሰሞን መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱም ሒሳብ የተማረች ሴት ነበረች። አሥር ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን የትውልድ ከተማው መካከል በጀርመን አውሮፕላኖች ተደበደበ። በወጣትነቱ ሕግ ተምሮ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ለመወከል ያስብ ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ያገኘው ውጤት ወደ ሳይንስ ስለመራው በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ቴዎሪያዊ ፊዚክስ ማጥናት ጀመረ።

በ1951 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሞሪስ ዊልክስ የሚመራውን የሦስት ሳምንት የፕሮግራም ትምህርት ተከታተለ። በሚቀጥለው ዓመት አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን በአምስተርዳሙ የሒሳብ ማእከል ቀጠረው። በፕሮግራመርነት ተቀጥሮ በአገሩ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሙያው ገና ስም አልነበረውም፤ ፊዚክሱን ትቶ በዚህ ሥራ ይቀጥል እንደሆነ ሲያመነታ ቫን ዋይንጋርደን ሥራው ገና ዕውቀት እንዳልሆነ አምኖለት፣ ዕውቀት የሚያደርገውም እሱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል መከረው። በ1957 ማሪያ ደቤትስን ሲያገባ የአምስተርዳም ሹማምንት ፕሮግራመር የሚባል ሥራ የለም በማለታቸው በጋብቻው መዝገብ ላይ ቴዎሪያዊ ፊዚሲስት ተብሎ ተጻፈ። ከእሷም ሦስት ልጆች ወልዷል።

በማእከሉ ብራም ሎፕስትራና ካረል ስኾልተን መሣሪያውን ሲሠሩ ዳይክስትራ ፕሮግራሙን ይጽፍ ነበር። መሣሪያው ሳይጠናቀቅ ፕሮግራሙ መጻፍ ነበረበት፤ ስለዚህ ሞክሮ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። በእኔ ግምት የኋላ ጠባዩ ሁሉ የተቀረጸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ትክክለኛነትን በመሣሪያው ፊት ሳይሆን በወረቀት ላይ መፈለግን ለመደ። ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን የአጭር መንገድ ዘዴውን እንኳ ያሰበው በ1956 ከእጮኛው ጋር በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ፣ በሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ያሳተመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ የተጻፈ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው የ1960 ሥራው ነው። በዚያ ዓመት ከያፕ ዞኔቬልድ ጋር ሆኖ ኤክስ 1 ለተባለው መሣሪያ አልጎል 60 የተባለውን ቋንቋ የሚተረጕም ኮምፓይለር በነሐሴ ወር አደረሰ። ቋንቋው አንድ ንኡስ ፕሮግራም ራሱን እንዲጠራ ይፈቅዳል፤ ታዲያ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ሳይታወቅ ለእያንዳንዱ ጥሪ ማኅደረ ትውስታ አስቀድሞ መመደብ አይቻልም። ዳይክስትራ በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው መልሱ ቁልል ነው። ንኡስ ፕሮግራም ሲጀመር ቦታው በቁልሉ አናት ላይ ይሰጠዋል፤ ሲያበቃ አናቱ ዝቅ ይላል፤ የኋለኛው ሁልጊዜ ከፊተኛው አስቀድሞ ይመለሳል። የቁልል ሐሳብ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ጀርመኖቹ ባወርና ዛሜልዞን ቀድመውት ደርሰውበታል። ሆኖም የነገሩ ፍሬ ልብ ሊባል ይገባል፤ በቁልል የሚሠራ ፕሮግራመር ቦታውን መመለስን ሊረሳ አይችልም፤ መመለሱ በፕሮግራሙ ቅርጽ ውስጥ ያለ እንጂ ለሰው ትውስታ የተተወ አይደለምና።

የከርነል ችግር ግን በዚህ አያበቃም። ከርነሉ ለአንድ ፋይል ወይም ለአንድ የመረብ ግንኙነት የሚሰጠው ቦታ ከሰጠው ንኡስ ፕሮግራም ዕድሜ በላይ መኖር አለበት። እንዲህ ያለው ቦታ የሚገኘው በጥያቄ ነው፤ የሚመለሰውም በሌላ ትእዛዝ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን የፕሮግራመሩ ኀላፊነት ነው።

ዳይክስትራ ወደዚህ ጥያቄ የቀረበው በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ነው። ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሆኖ ኤሌክትሮሎጂካ ኤክስ 8 ለተባለው መሣሪያ በትምህርት ቤቱ ምሕፃረ ስም ቴ.ሃ.ኤ. የተባለውን ሲስተም ሠራ፤ በ1968ም ይፋ አደረገው። የመሣሪያው ዋና ማኅደረ ትውስታ 32 ሺሕ ቃላት ብቻ ነበር፤ ከጎኑ 512 ሺሕ ቃላት የሚይዝ ከበሮ አለ። ዳይክስትራ ሲስተሙን በደረጃ በደረጃ ከፈለው። በታችኛው ደረጃ የፕሮሰሰሩ ድልድል፣ ከእሱ በላይ የማኅደረ ትውስታ ድልድል፣ ከዚያም ሌላው ሁሉ። ከማኅደረ ትውስታው ደረጃ በላይ ያለ ማንም መረጃው በዋናው ማኅደረ ትውስታ ይኑር ወይም በከበሮው ላይ ሊያውቅ አይገባውም፤ ቦታ መስጠትና መቀበል የአንድ ደረጃ ሥራ ብቻ ነው። መረጃው የሚቈጠርበትን ክፍል ቦታው ከሚቈጠርበት ክፍል ለየ፤ በዚህም ምክንያት ከዋናው ማኅደረ ትውስታ የሚወጣ ገጽ በከበሮው ላይ ወደ ቀድሞ ስፍራው መመለስ ሳያስፈልገው፣ ቶሎ በሚደረስበት ባዶ ቦታ ላይ ማረፍ ቻለ። በፍተሻው ጊዜ የተገኙት ስሕተቶች በየ500 ትእዛዝ አንድ ያህል የሆኑ ቀላል የአጻጻፍ ግድፈቶች ብቻ እንደነበሩ ጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ለማመን ተቸግሮ ነበር።

ሴማፎርን ያስገኘውም የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። ስሙ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የተወሰደ ነው። አብረው የሚሄዱ ሂደቶች አንዱን ነገር በጋራ ሲጠቀሙበት፣ የሚገባው ፒ በተባለው ትእዛዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚወጣውም ቪ በተባለው ይለቃል። ፒ ብሎ ቪ ሳይል የቀረ ፕሮግራም ከማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ የማይተናነስ ጥፋት ያደርሳል፤ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ዛሬም በከርነል ውስጥ ቁልፍ እንደ ያዙ በስሕተት መንገድ መውጣት ከሚታረሙት ግድፈቶች አንዱ ነው።

የባንክ ባለቤቱ ዘዴ የሚባለውንም የጻፈው በ1965 ገደማ ነው። ባለባንኩ የተወሰነ ገንዘብ አለው፤ ደንበኛው ሁሉ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ መጠን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ባለባንኩም ብድሩን የሚፈቅደው፣ ከዚያ በኋላ በሚቀረው ገንዘብ ሁሉም በአንድ ተራ ሥራቸውን ጨርሰው ሊመልሱ መቻላቸውን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። የጓሳ አለቆች ሣሩን ከመክፈታቸው በፊት ማገገሙን ያዩ እንደነበረው፣ እዚህም ከመስጠት በፊት የመመለሱ መንገድ ይታያል። በተግባር ግን የዛሬ ከርነሎች በዚህ ዘዴ አይሄዱም፤ ደንበኞቻቸው ፍላጎታቸውን አስቀድመው አይናገሩምና። ሊኑክስ እንዲያውም በብዙ ቦታ ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ ሲቸግረው ደግሞ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ዳይክስትራ ይህን እንደ መፍትሔ ይቀበለው ነበር ብዬ አልገምትም።

እንግዲህ ወደ ጎቱ እንምጣ። በመጋቢት 1968 በታወቀው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ማኅበር መጽሔት አጭር ደብዳቤ አሳተመ፤ ዝነኛውን ርእስ የሰጠው አርታኢው ኒክላውስ ቪርት እንጂ እሱ አልነበረም። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የሰው አእምሮ የሚይዘው በወረቀት ላይ የቆመውን ጽሑፍ ነው፤ የሚያሳስበን ግን በመሣሪያው ላይ የሚሮጠው ሂደት ነው፤ ጎቱ ከየትም ወደየትም ስለሚያዘልል በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ይበጥሳል። ደብዳቤው ብዙ ክርክር አስነሣ። ከጊዜ በኋላ ግን ትምህርት ቤት ሁሉ ተቀበለው፤ ጎቱ ነውር ሆነ።

የሊኑክስ ከርነል ጸሓፊዎች ይህን ነውር አውቀው ጣሱት። ከርነሉ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ሦስት ነገር የወሰደ ፕሮግራም ሦስተኛው ሲከለከል ምን ያድርግ? የመመለሻውን ትእዛዝ በየመውጫው ቢደጋግም አንዱን መርሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በንኡስ ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ መመለሻዎቹ በግልባጭ ተራ ይደረደራሉ፤ ሦስተኛው የተከለከለበት ወደ ሁለተኛው መመለሻ ይዘልላል፤ ሁለተኛው የተከለከለበት ወደ አንደኛው። የከርነሉ የአጻጻፍ ደንብ ራሱ ይህን ይመክራል። ያ የቅዳሜ ማታው ድራይቨርም የታረመው በዚሁ መንገድ ነው።

ዳይክስትራ ተሳስቶ ነበር ማለት ነውን? በበኩሌ አይመስለኝም። እነዚያ በግልባጭ የተደረደሩ መመለሻዎች በእጅ የተሠራ ቁልል ናቸው፤ እሱ በ1960 ኮምፓይለሩ እንዲጠብቀው ያደረገውን ተራ፣ እዚህ ፕሮግራመሩ በዓይኑ ይጠብቀዋል። ዓይን ደግሞ ይደክማል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ በመካከል አራተኛ የሚወሰድ ነገር ሲጨምር መመለሻውን ይረሳል፤ ወይም አንዱ ዝላይ ወደ ቀድሞ ቦታው እንደ ሄደ ይቀራል፤ ያልተወሰደ ይመለሳል፤ የተወሰደ ሳይመለስ ይቀራል። በየጊዜው ወደ ከርነሉ ከሚገቡት እርማቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አንድና ሁለት መስመሮች ናቸው። ጽሑፉና ሩጫው ተለያዩ ያለው ሰው የተናገረው ይህንኑ ነው። ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የአገሩ ልጅ ፒተር ዛይልስትራ ከርነሉ የሚወሰደውን ነገር ሲያውጅ መመለሻውን አብሮ እንዲያውጅ የሚያስችል ዘዴ አስገባ፤ ኮምፓይለሩም ከንኡስ ፕሮግራሙ በማናቸውም መንገድ ሲወጣ በታወጁበት ግልባጭ ተራ ይመልሳቸዋል። አዲሱን ዘዴና ጎቱን በአንድ ንኡስ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይቀላቅሉ ጸሓፊዎቹ ይመከራሉ። ስለዚህ የሁለቱ መንገድ ክርክር ገና አልተዘጋም፤ አሮጌው ጽሑፍ እጅግ ብዙ ነውና።

ከቴ.ሃ.ኤ. ሲስተም በኋላ ዳይክስትራ ለረጅም ጊዜ በጭንቀት በሽታ ተሠቃየ። ከዚያ የወጣው ስለ ሥርዓተ ፕሮግራም ማስታወሻውን በመጻፍ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ፍተሻ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ እንደሚችል፣ አለመኖሩን ግን ሊያረጋግጥ እንደማይችል ያስተማረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍልስፍና ይሰማዋል፤ የከርነል ማኅደረ ትውስታን ላረመ ሰው ግን የዕለት ኑሮ ነው። ስሕተቱ ያለው ቦታ ተጠይቆ በሚከለከልበት መንገድ ላይ ነው፤ ያ መንገድ በመደበኛ ሙከራ ፈጽሞ ላይረገጥ ይችላል። በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

በ1973 የቡሮውስ ኩባንያ ተመራማሪ ሆኖ ኑዌነን በተባለች መንደር ከቤቱ መሥራት ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን በአይንድሆቨን ከባልደረቦቹ ጋር ይሰበሰባል፤ የቀረውን ጊዜ ከብዕሩ ጋር ነበር። ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ መካከል ለእኛ የሚበልጠው ከሌስሊ ላምፖርትና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በ1978 ያሳተመው ነው። ጥያቄው፣ ፕሮግራሙ ሳይቆም የተረሳውን ቦታ ከጎኑ ሆኖ እንዴት መሰብሰብ ይቻላል የሚል ነው። መልሱ ሦስት ቀለም ነው። ገና ያልተደረሰበት ነገር ነጭ፣ ተደርሶበት ከእሱ የሚሄደው መንገድ ገና ያልተመረመረ ግራጫ፣ ምርመራው ያለቀለት ጥቁር ይባላል። ግራጫ ሲያልቅ ነጭ ሆኖ የቀረው ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ለሳምንታት ለብዙ ዓይን ትክክል መስሎ የታየ አሠራር ሊረጋገጥ ሲሞከር ጥልቅ ሳንካ ይገኝበት እንደነበር ጸሓፊዎቹ ሳይደብቁ ተናግረዋል። አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች በዚህ ከተደናቀፉ፣ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ቢደናቀፍ ሊወቀስ አይገባም።

በ2009 ወደ ሊኑክስ የገባው የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ ፈላጊ መሣሪያ፣ ኬሜምሊክ የሚባለው፣ የሚሠራው በነዚሁ ቀለሞች ነው። ከርነሉ የሰጠውን ቦታ ሁሉ ነጭ አድርጎ ይጀምራል፤ ማኅደረ ትውስታውን እየቃኘ አድራሻው የተገኘለትን ግራጫ ያደርጋል፤ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ የቀረውን ይጠቁማል። ቦታውን ራሱ አይመልስም፤ የት እንደ ተወሰደ ብቻ ያሳያል፤ ማረሙ የሰው ሥራ ነው።

በ1984 ወደ አሜሪካ ሄዶ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1999ም በዚያ ቆየ። ለሰው የሚቸገር አልነበረም። በየስብሰባው ተናጋሪን በጥያቄ ያፋጥጥ ነበር፤ በስፋት የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች በመርዘኛ አነጋገር ተችቷል። አንዳንዱ ትችቱ ፍትሕ የጐደለው ነበር፤ የባንክና የመንግሥት መዝገብ በነዚያው ቋንቋዎች ሲመራ ኖሯልና። ራሱም ለብዙ ዓመታት የግሉ ኮምፒዩተር ሳይኖረው ኖሯል። ይሁን እንጂ ለሌላው የነፈገውን ምሕረት ለራሱም አልሰጠም፤ የራሱን ስሕተት በማስታወሻዎቹ ውስጥ በቍጥር እየለየ አስፍሯል።

እነዚህ ማስታወሻዎች በስሙ ፊደላት ኢ.ደብልዩ.ዲ. ተብለው በተራ ቍጥር የተመዘገቡ ናቸው። በብዕር ይጽፋቸዋል፤ ቅጂውን ለጥቂት ወዳጆች ይልካል፤ እነሱም ለሌሎች ያባዛሉ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ታሞ ወደ ኑዌነን ተመለሰ። የመጨረሻውን ማስታወሻ በሚያዝያ ወር ጻፈ፤ ቍጥሩ 1318 ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2002፣ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በካንሰር በሽታ በቤቱ ዐረፈ። ማስታወሻዎቹ በኦስቲን ይጠበቃሉ፤ ማንም ሊያያቸው ይችላል። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ በገጾቹም ላይ ስርዝ ድልዝ እምብዛም አይታይም።